ፋይናንሻል አድቫይዘር ልሁን ለምትሉ፦ የወሰድኩት ኮርስ ዋጋ መጥራት ያስተምራል፣ ደንበኛ ማምጣት ላይ ግን ደካማ ነው

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ሀበሾች፣ በተለይ ታክስ የምትሰሩ፣ ኢንሹራንስ የምትሸጡ፣ ባንክ ቤት የምትሰሩ ልጆች፣ ይሄ ሪቪው ለናንተ ነው። የራሴን የፋይናንስ ምክር ቢሮ ልክፈት ብላችሁ የምታስቡ ብዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ታክስ ሰራተኛ ስለሆንኩ በየሲዝኑ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። እና አንድ "ፕራክቲስ ቢልዲንግ" የሚሉት የኦንላይን ኮርስ ወስጄ ስለጨረስኩ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ ልንገራችሁ ብዬ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ የምወቅሰው ነገር ስላለኝ፣ ደሞ እንደዚህ አይነት ኮርስ የሚሸጡ አሜሪካ ውስጥ ሞልተዋል፣ ይዘታቸውም ተቀራራቢ ነው፣ ስለዚህ የምለው ለሌላውም ይሰራል።

ዋጋው 1,450 ዶላር ነው፣ በሶስት ጊዜ መክፈል ይቻላል። ማታ ማታ በዙም በቀጥታ ይሰጣል፣ ያመለጠው ሪከርዱን ያያል፣ ከዛ ሌላ ቴምፕሌት የሚሏቸው የተዘጋጁ ፎርሞች፣ የደብዳቤ ናሙናዎች፣ የስብሰባ አጀንዳዎች ምናምን ይሰጧችኋል። አስተማሪዋ ለብዙ አመት የራሷን ቢሮ ከፍታ ስትሰራ ቆይታ ሸጣው የወጣች አሜሪካዊ ሴትዮ ናት፣ አንብባ የምታወራ አይደለችም፣ ያስታውቃል። ከ5 ኮከብ 3 ተኩል ሰጥቻቸዋለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። ይሄ ኮርስ ላይሰንስ አይሰጥም። አይሰጥም! ይሄን ሳያውቅ የከፈለ ልጅ አብሮን ነበር፣ ሲገባው በጣም ነው የተናደደው፣ ማስታወቂያቸውም ትንሽ ያሳስታል ብዬ አምናለሁ፣ በትንንሽ ፊደል ከታች ነው የጻፉት። እየተከፈላችሁ ኢንቨስትመንት ለማማከር ባብዛኛው የሚያስፈልጋችሁ ሲሪስ 65 የሚባለው ፈተና ነው። የሚያወጣው የስቴት ተቆጣጣሪዎች ማህበር ናሳ ነው (ጨረቃ ላይ የወጡት አይደሉም)፣ የሚፈትነው ደሞ ፊንራ የሚባለው የደላላ ድርጅቶች ተቆጣጣሪ ነው። ነጥብ የሚያዝባቸው 130 ጥያቄዎች አሉት፣ በነሱ ላይ ደሞ ነጥብ የማይያዝባቸው 10 የሙከራ ጥያቄዎች ይጨመራሉ፣ ሰአቱ 180 ደቂቃ ነው፣ ለማለፍ ከ130ው 92 መመለስ አለባችሁ። ደስ የሚለው ነገር እንደ አንዳንዶቹ ፈተናዎች ስፖንሰር የሚያደርግ ድርጅት አይጠይቅም፣ ከፍላችሁ ራሳችሁ መፈተን ትችላላችሁ። ሲኤፍፒ የሚባለው የፋይናንስ ፕላነር የሙያ ማረጋገጫ ካላችሁ ደሞ ባብዛኛው ስቴት ሲሪስ 65ን አትጠየቁም፣ ግን ሲኤፍፒ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም፣ ዲግሪ ይጠይቃል፣ 170 ጥያቄ ያለው ፈተና አለው፣ ሶስት ሶስት ሰአት በሚፈጁ ሁለት ክፍሎች ተከፍሎ፣ ከዛ 6,000 ሰአት የስራ ልምድ (በቅርብ ሰው ስር ሆናችሁ በልምምድ ከሆነ 4,000)። የላይፍ ኢንሹራንስ ላይሰንስ ደሞ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ይዞ "ፋይናንሻል አድቫይዘር ነኝ" የሚል ቢዝነስ ካርድ የሚያድል ሀበሻ ስንት አለ መሰላችሁ፣ እዚህ ጋ ዝም ልበል።

ኮርሱ ታዲያ ምን ያደርጋል ካላችሁ፣ ላይሰንሱን ካገኛችሁ በኋላ ሰው ፊት ቁጭ ብላችሁ ምን እንደምትሉ ነው የሚያስተምረው። ይሄ ቀላል ይመስላል። አይደለም። ፈተናው ቦንድ ምን እንደሆነ ይጠይቃችኋል፣ አንድ ባልና ሚስት ፊታችሁ ቁጭ ብለው ሚስትየው ቤት እንግዛ ባልየው አዲስ አበባ ህንጻ እንጀምር ሲባባሉ ምን እንደምታደርጉ ግን የሚያስተምር ፈተና የለም።

ከሁሉ የወደድኩት የመጀመሪያውን ውይይት የሚመለከተው ክፍል ነው። ሴትየዋ ሁለት ሁለት እያደረገች ታለማምደናለች፣ አንዱ ደንበኛ ይሆናል አንዱ አማካሪ፣ ይቀዳል፣ ከዛ ቅጂው ተከፍቶ አማካሪው ስንት ደቂቃ እንዳወራ ደንበኛው ስንት እንዳወራ ይታያል። ሁላችንም ለፍላፊ ነበርን ማለት ይቻላል። ሰው "60 ሺ ዶላር አለኝ የት ላርገው?" ሲል ወዲያው መልስ ለመስጠት ነው የምንሮጠው፣ እሷ ግን መልሱን ለሁለተኛው ቀን አቆዩት ነው የምትለው፣ መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት መጣ፣ ለማን ነው፣ መቼ ነው የሚፈለገው፣ ባለፈው ገበያ ሲወድቅ ምን አደረግክ፣ ይሄን ውሳኔ ካንተ ሌላ ማን ነው የሚወስነው፣ እነዚህን ጠይቁ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ለኛ ሰው ወርቅ ናት። ብዙ ጊዜ ፊታችሁ ያለው ሰው ሳይሆን አገር ቤት ያለው ታላቅ ወንድም ነው የሚወስነው፣ ወይ እናትየዋ ናቸው፣ እና ይሄን ሳታውቁ ያወጣችሁት ፕላን አንድ ስልክ ሲደወል ውሃ ይበላዋል።

እዚህ ላይ ቴምፕሌታቸው ለኛ እንደማይሆን ወዲያው ነው የገባኝ። የወር ወጪ ፎርሙ ላይ "ስጦታና በጎ አድራጎት" የምትል አንዲት መስመር አለች፣ ሬስቶራንትና መዝናኛ አጠገብ፣ ማለትም ካስፈለገ የሚቀነስ ነገር ተደርጋ። ለእናቱ በየወሩ 300 ዶላር የሚልክ ሰው ይሄን እዛ ጋ ጻፍ ብትሉት ምን ያስባል? የቤት ኪራይ አጠገብ ነው መጻፍ ያለበት። እኔ ፎርሙን ቀይሬ አገር ቤት ላሉ ቤተሰብ የራሱ መስመር ሰጠሁት፣ ሁለት ቦታ ከፍዬ፣ በየወሩ የሚላከውን ለብቻ፣ ድንገት የሚመጣውን (ህክምና፣ ለቅሶ፣ ሰርግ) ለብቻ። ድንገተኛውን ከኢመርጀንሲ ፈንዱ ጋር አብሬ ነው የማሰላው፣ ምክንያቱም የሀበሻን ኢመርጀንሲ ፈንድ የሚበላው የመኪና ብልሽት አይደለም፣ ከሌሊቱ 9 ሰአት የሚደወል ስልክ ነው።

እቁብ ደሞ ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ እቁብ ሳነሳ ሴትየዋ በጣም ነው የገረማት፣ ለክብሯ ስል ልናገር፣ ጥያቄዬን አላለፈችውም፣ ቁጭ ብላ ነው አብራኝ ያሰበችው። እንበል 20 ሰው በወር ሺ ሺ ዶላር ይጥላል፣ ዕጣው 20 ሺ ነው። በሶስተኛው ወር የደረሰው ሰው ባንኩ ውስጥ 20 ሺ አለው፣ ሀብታም ይመስላል፣ ግን ገና 17 ሺ ዶላር የሚከፍለው እዳ አለበት፣ እዳው ክሬዲት ሪፖርት ላይ አይታይም። በተቃራኒው 17 ወር ጥሎ ያልደረሰው ሰው ባንኩ ባዶ ነው ግን 17 ሺ የሚቀበለው አለው፣ ኢንሹራንስ የሌለው፣ በሰው ቃል ላይ የቆመ። ስለዚህ የሀብትና የእዳ ዝርዝር ስትሰሩ "እቁብ አለህ ወይ" ብቻ ሳይሆን "ደርሶሃል ወይ፣ ስንተኛው ላይ ነህ፣ ዳኛው ማነው፣ ዋስ አለ ወይ" ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ። ይሄን ኮርሱ አላስተማረኝም ግን እንደዚህ እንዳስብ ያደረገኝ የነሱ አጠያየቅ ነው፣ እሱን አልክድም።

አሁን ወደ ዋናው። ኮርሱ ለኔ ገንዘቡን የመለሰልኝ ዋጋ መናገር ላይ ነው። የኛ ሰው ችግር እውቀት አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ታክስ ስትሰሩም ታውቁታላችሁ፣ "ስንት ነው?" ሲሉን "ኧረ ችግር የለም፣ የፈለጋችሁትን" እንላለን፣ ከዛ የሰጡን ሲያንስ ቤታችን ገብተን እናማቸዋለን። ሴትየዋ የምታስገድደን ነገር አንድ ነው፣ ዋጋውን በአንድ አረፍተ ነገር ትላላችሁ ከዛ ዝም። ማብራሪያ የለም፣ "ግን ለርስዎ" የለም። ክፍሉ ውስጥ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች፣ ከክፍል ውጪ እየተደዋወልን በአማርኛ እንለማመድ ነበር፣ በእንግሊዝኛ የሚቀለው በአማርኛ አፍ ላይ ይቆማል። እሷ የሽማግሌ ድምጽ እያወጣች "አንቺ ልጅ፣ ከኔም ልትቀበይ ነው? አባትሽን እኮ አውቀዋለሁ!" ስትለኝ በሳቅ ነበር የምሞተው፣ ግን ልክ እንደዛ ያለ ደንበኛ በእውን ሲመጣ "ጋሼ፣ ሙሉ ፕላኑን ሰርቼ፣ አመቱን ሙሉ እየተከታተልኩ 1,200 ዶላር ነው፣ ካልተስማማዎትም ምንም ቅር አይለኝም" ብዬ ዝም ማለት ቻልኩ። ዝምታዋ እንዴት እንደምትረዝም! ከዛ "በአራት ጊዜ ልክፈልሽ?" አሉኝ። ይኸው ነው።

አከፋፈሉን ራሱ እንዴት እንደምትመርጡም በደንብ አስተምረዋል፣ ሂሳቡን እያሰሩን። የተለመደው አድቫይዘሩ ከሚያስተዳድረው ገንዘብ በአመት 1 ፐርሰንት አካባቢ መውሰድ ነው። 300 ሺ ዶላር ያለው ሰው 3,000 ይከፍላል ማለት ነው። ጥሩ። የኛ ሰው ግን? ሆስፒታል ወይ ኤርፖርት ወይ ፓርኪንግ ብዙ አመት የሰራ ሰው 401ኬ (በመስሪያ ቤት በኩል የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ) ውስጥ 180 ሺ ሊኖረው ይችላል፣ እሱ ግን መስሪያ ቤቱ ጋ ነው፣ ስራ እስካልለቀቀ ድረስ ባብዛኛው እናንተ አታስተዳድሩትም። ውጪ ያለው 15 ሺ ነው እንበል፣ የሱ 1 ፐርሰንት በአመት 150 ዶላር። በዚህ ቢሮ አይከፈትም። እና ደሞ ትልቁ አደጋ እዚህ ጋ ነው፣ በፐርሰንት የሚኖር አድቫይዘር ሰውየውን "401ኬህን አውጥተህ እኔ ጋ አምጣው" ለማለት ይፈተናል፣ ለሰውየው የሚጠቅመው እዛው መተው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለኛ ማህበረሰብ የሚሆነው በቁርጥ ዋጋ ወይ በሰአት ወይ በወር ክፍያ መስራት ነው ብዬ ነው የደመደምኩት። 40 ደንበኛ በ1,200 ዶላር 48,000 ነው፣ ከዛ ላይ የስህተት መድን (ኢ ኤንድ ኦ የሚሉት)፣ ሶፍትዌር፣ የስቴት ምዝገባ፣ የራሳችሁ ታክስ ይቀነሳል። ሴትየዋ አንድ አዲስ ደንበኛ በመጀመሪያው አመት እስከ 15 ሰአት ይበላል ነው የምትለው፣ ያ ማለት በሰአት 80 ዶላር ነው፣ ገና ወጪው ሳይወጣ። በመጀመሪያው አመት ስራ ልቀቅ የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ታክስ ላለን ሰዎች ግን ከኤፕሪል በኋላ ያለውን ባዶ ጊዜ የሚሞላ ነገር ስለሆነ ያዋጣል።

ህጉን የሚመለከተው ክፍል ይሰለቻል ብዬ ነበር፣ አልሰለቸኝም። የ1940ው የኢንቨስትመንት አማካሪዎች ህግ ላይ የተመሰረተውን ፊዱሺየሪ የሚባለውን ግዴታ፣ ማለትም ከራስህ ጥቅም የደንበኛህን ማስቀደም፣ በተግባር ምን እንደሆነ በምሳሌ አሳይተውናል። የምታስተዳድሩት ገንዘብ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በታች ከሆነ (ሃሃ) ባብዛኛው የምትመዘገቡት ኤስኢሲ (የፌደራሉ የኢንቨስትመንት ተቆጣጣሪ) ጋ ሳይሆን ስቴታችሁ ጋ ነው። ፎርም ኤዲቪ የሚባል የአማካሪዎች መመዝገቢያ አለ፣ ሁለተኛው ክፍሉ ለደንበኛ የሚሰጥ በተራ ቋንቋ የተጻፈ ብሮሹር ነው፣ ለህዝብ ክፍት ነው፣ ኤስኢሲ የአማካሪ መፈለጊያ ዌብሳይቱ ላይ ማንም ያየዋል። የቤት ስራችን በአካባቢያችን ያሉ ሌሎች ቢሮዎችን ብሮሹር አውርዶ ማንበብ ነበር፣ ቁጥር 5 ላይ ክፍያቸውን፣ ቁጥር 9 ላይ ተቀጥተው ከነበረ። ከኮርሱ ሁሉ በነጻ ልታደርጉት የምትችሉት ምርጥ ነገር ይሄ ነው፣ እንደውም አማካሪ ፈላጊም ብትሆኑ ገንዘባችሁን ከመስጠታችሁ በፊት አድርጉት።

ሁለት ነገር ደሞ ለኛ በተለይ። አንደኛ፣ በስቴት የተመዘገበ አማካሪ ከአንድ ደንበኛ ከ500 ዶላር በላይ፣ ስድስት ወርና ከዛ በላይ አስቀድሞ ከተቀበለ የራሱን ሂሳብ ዝርዝር ብሮሹሩ ላይ ማውጣት አለበት፣ ስለዚህ አመቱን በአንዴ ከመቀበል በየሶስት ወሩ መቀበል ይሻላል፣ ጋሼ በአራት ጊዜ ልክፈል ማለታቸው ለኔም ጥሩ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ፓስወርድ። የኛ ሰው ሲያምናችሁ "እንካ ፓስወርዴ፣ አንተ ገብተህ አስተካክለው" ነው የሚለው፣ በተለይ እድሜያቸው የገፋ እናቶች። በፍጹም! ገንዘብ ሊወጣበት የሚችል ፓስወርድ መያዝ የደንበኛ ገንዘብ እጃችሁ ላይ እንዳለ ሊያስቆጥር ይችላል፣ እሱ ደሞ ሌላ ጣጣ ነው የሚያመጣው። እማማ ቅር እንዳይላቸው እንዴት ብዬ እምቢ ልበል ብላችሁ አትጨነቁ፣ አጠገባቸው ቁጭ በሉና እሳቸው ራሳቸው ይጫኑት፣ ጊዜ ይወስዳል ግን ይወዱታል።

ዋትሳፕ ላይ ያለው ነገርም አስደንግጦኛል። ስለ ስራ የተጻጻፋችሁት ሁሉ መቀመጥ አለበት፣ በሴፕቴምበር 2022 ኤስኢሲ 16 የዎል ስትሪት ድርጅቶችን ሰራተኞቻቸው በግል ስልክ ቴክስትና መሰል ነገር ሲጻጻፉ ሪከርዱ ስላልተያዘ በድምሩ ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው የቀጣቸው። እኛ ደሞ ሁሉ ነገራችን ቫይበርና ዋትሳፕና ቴሌግራም ነው፣ ደንበኛዬ በኢሜይል ስጽፍላት አታየውም፣ የሁለት ደቂቃ የድምጽ መልእክት ነው የምትልክልኝ። ኮርሱ "መልእክቶችን የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር ግዙ" ብሎ አለፈው። እኔ የማደርገው በስልክ ወይ በአካል እናወራና ያወራነውን በዛው ቀን በአጭር አማርኛ ኢሜይል ጽፌ እልካለሁ፣ "ዛሬ የተነጋገርነው ይሄ ነው፣ እርስዎ ይሄን ያደርጋሉ፣ እኔ ይሄን አደርጋለሁ፣ እስከዚህ ቀን"። ዋትሳፕ ላይ "ኢሜይል ልኬልዎታለሁ" ብቻ።

እስካሁን አመስግኛለሁ፣ አሁን ወቀሳ።

ደንበኛ ማግኘትን በሚመለከት ያስተማሩት ነገር ያረጀ ነው። "የምታውቋቸውን 100 ሰዎች ስም ጻፉ" አሉን። በቃ እዛ ጋ ነው ልቤ የወጣው። ይሄን ዝርዝር እኮ እናውቀዋለን! ድሮ አብሮን ተምሮ የጠፋ ጓደኛ ድንገት ይደውልና "ናፍቀሽኛል ቡና እንጠጣ" ይላል፣ ስታርባክስ ስትሄዱ ላፕቶፕ ይዞ ከ"አሰልጣኙ" ጋር ይጠብቃችኋል፣ ከዛ አይዩኤል የሚሉትን፣ ትርፉ የአክሲዮን ገበያውን እያየ የሚታሰብ ላይፍ ኢንሹራንስ "ገበያው ቢወድቅ አትከስሪም" እያለ ይሸጥላችኋል። እንደማትከስሩበት ይነግራችኋል፣ ትርፉ ላይ ጣሪያ እንዳለው ግን አይነግራችሁም፣ ጣሪያው 9 ፐርሰንት ከሆነ ገበያው 20 ቢወጣም 9 ነው የሚደርሳችሁ። የመድኑ ወጪ ከእድሜ ጋር እንደሚጨምር፣ በመጀመሪያዎቹ አመታት ካቋረጣችሁ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ ዝም ነው። ለአንዳንድ ሰው የሚሆን ነገር ሊሆን ይችላል፣ 401ኬውን እንኳ ያልሞላ ነርስ ግን ምን ያደርግለታል? በዚህ የተነሳ ማህበረሰባችን "ፋይናንሻል" የሚል ቃል ሲሰማ ስልኩን ነው የሚዘጋው፣ እና በእድርና በቤተክርስቲያን ስልክ ዝርዝር ላይ 100 ሰው ደውሉ የሚል ምክር ለኛ ገና ሳንጀምር ስማችንን መቅበር ነው።

ሌላው ሀሳባቸው ሰው ራት ጋብዞ ሴሚናር መስጠት ነው። ጥሩ ሬስቶራንት፣ 20 ሰው፣ ስላይድ። እስቲ ሀበሻ ሬስቶራንት ጋብዙ፣ ሰው ክትፎውን በልቶ "እግዜር ይስጥልን" ብሎ ይሄዳል፣ ደስም ይለዋል፣ ደንበኛ ግን አይሆንም። የደንበኛ ምስክርነት ማስታወቂያ ላይ ስለመጠቀም ሲያስተምሩም የኤስኢሲን አዲሱን ህግ ብቻ ነው የነገሩን፣ ትንሽ ቢሮ ግን ስቴት ጋ ነው የሚመዘገበው፣ ስቴቱ ደሞ የራሱ ህግ ሊኖረው ይችላል። ቲክቶክ ላይ "ይህቺ ልጅ ከእዳ አወጣችኝ" የሚል ቪዲዮ ከመልቀቃችሁ በፊት ስቴታችሁን ጠይቁ።

አንድ ጠቃሚ ነገር ቢኖር "ለሁሉም አትስሩ፣ አንድ አይነት ሰው ምረጡ" ያሉት ነው፣ ግን በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨረሱት፣ ሶስት ይገባው ነበር። በኛ ሁኔታ ግልጽ የሆኑ ምድቦች አሉ። ነርሶች አሉ፣ ሆስፒታላቸው 403ቢ (401ኬን የመሰለ የጡረታ ቁጠባ) ይሰጣቸዋል፣ ኦቨርታይም ይሰራሉ፣ ታክሱ ይበላቸዋል። የራሳቸውን መኪና የሚነዱ ኡበርና ሊሞ ሰሪዎች አሉ፣ መስሪያ ቤት የላቸውም፣ ሴፕ አይአርኤ የሚባል፣ ለራሱ ለሚሰራ ሰው የሚሆን የጡረታ ቁጠባ እንዳለ የነገራቸው የለም፣ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ 15 መክፈል ያለባቸውን ግምታዊ ታክስ ሳይከፍሉ ቅጣት ይመጣባቸዋል። ሰባት ኢለቨን ወይ ነዳጅ ማደያ ያላቸው አሉ፣ ሀብታቸው ሁሉ እዛች ሱቅ ውስጥ ነው። ከነዚህ አንዱን ይዛችሁ ጠንቅቃችሁ ብታውቁት ስልክ መደወል አያስፈልጋችሁም፣ ነርስ ለነርስ ትነግራለች፣ ብሬክ ሩም ውስጥ ነው ስማችሁ የሚዞረው። የኔ ሰዎች ሁሉ የመጡት እንደዛ ነው፣ ከታክስ ደንበኞቼ ተነስቶ፣ አንድም ሰው ደውዬ አላመጣሁም።

ሁለተኛው ትልቅ ጉድለት ከአሜሪካ ውጪ ንብረት ስላለው ሰው የሚያስተምረው ነገር አንድ ስላይድ ብቻ መሆኑ ነው። ክፍሉ ውስጥ ግማሹ ኢሚግራንት ነበር እኮ! ምሳሌ ልስጣችሁ። ውጪ አገር ያሉ አካውንቶቻችሁ ተደምረው በአመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባለውን ሪፖርት ማድረግ ግዴታ ነው፣ ታክስ ባይኖርበትም። አዲስ አበባ ባንክ 1 ሚሊዮን ብር ያለው ሰው በ2023 በ57 ብር አካባቢ ሲመነዘር 17 ሺ ዶላር ገደማ ነው፣ ሪፖርት ይደረጋል። በጁላይ 2024 መጨረሻ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ ለኤፍባር የሚያገለግለው የአመቱ መጨረሻ ምንዛሬ ደሞ ከ120 በላይ ሆነ፣ ያው 1 ሚሊዮን ብር ሌላ አካውንት ከሌለ በ2024 ከገደቡ በታች ወረደ። ደንበኛችሁ "ብሬ እኮ አልተነካም" ይላል፣ በዶላር ሲታይ ግን ከግማሽ በላይ ሄዷል፣ እና ይሄ ሪፖርት የማድረግ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ጡረታዬን አገር ቤት በብር አስቀምጬዋለሁ ለሚል ሰው ትልቅ ውይይት ነው። ኮንዶሚኒየሙ በማን ስም ነው፣ ውክልናው የተሰጠው ለማን ነው፣ ኤምባሲ የተረጋገጠ ነው ወይ፣ ተወካዩ ቢሞትስ፣ እነዚህ ሁሉ የኛ አማካሪ መጠየቅ ያለበት ናቸው። ወለድ አልነካም የሚል ሙስሊም ደንበኛ ሲመጣስ ቦንድ ያለበትን ተራ ፖርትፎሊዮ ዘርግታችሁ ልታሳዩት ነው? ስለዚህም ቃል አልተነፈሱም። ሴትየዋን ስጠይቃት "ባለሙያ ጋ ላኩት" አለችኝ፣ ትክክል ናት፣ ግን የትኛውን ጥያቄ የትኛው ባለሙያ ጋ እንደምትልክ ለማወቅ እኮ መጀመሪያ ጥያቄው መኖሩን ማወቅ አለብህ።

ስለ አገልግሎታቸው ባጭሩ፦ ኢሜይል ይመልሳሉ፣ ቴምፕሌቶቹ በወርድ ስለሆኑ እንደፈለጋችሁ ትቀይሯቸዋላችሁ፣ የስብሰባ አጀንዳዋና የአመት ካላንደሯ (በየትኛው ወር ደንበኛን ስለምን ታነጋግራላችሁ የሚለው) ብቻቸውን ብዙ ስራ ያቀላሉ። ሪከርዱ ግን ከስድስት ወር በኋላ ይዘጋል፣ ይሄ ስስት ነው። ማታ ሺፍት የምትሰሩ ቀጥታውን አታገኙትም፣ የልምምዱ ክፍል ደሞ በሪከርድ ምንም አይጠቅምም፣ ስለዚህ ፕሮግራማችሁ ካልፈቀደ አትክፈሉ።

ማን ይውሰደው? ሲሪስ 65 ያለፋችሁ ወይ ልትፈተኑ የተቃረባችሁ፣ ሰው ፊት ዋጋ መጥራት የሚከብዳችሁ፣ ከታክስ ወይ ከባንክ ስራ የመጣችሁ ውሰዱት። ገና ምንም ያልጀመራችሁ መጀመሪያ ፈተናውን እለፉ፣ የፈተናው ክፍያ ሁለት መቶ ዶላር እንኳ አይሞላም፣ ስራው ይሆነኛል አይሆነኝም የሚለውንም ጥናቱ ራሱ ያሳያችኋል። ደንበኛ የማግኛ ዘዴ ፈልጋችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ። የምትወስዱ ካላችሁ ደሞ ሳትከፍሉ በፊት ሪከርዱን ለአንድ አመት እንዲያራዝሙላችሁ በጽሁፍ ጠይቁ፣ አንድ አብሮን የተማረ ልጅ ጠይቆ ፈቅደውለታል፣ እኛ ስላልጠየቅን ነው ያልሰጡን።